«ባንዲራ አትበሉ» ላሉት ጸሐፊ፦ ስለ ሰንደቅ ዓላማ ቀን የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «የሰንደቅ ዓላማን ቀን በክብር እናክብር» የሚል ጽሑፍ በባሕር ዳር መምህራንና የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች እጅ ሲዞር ሰንብቷል። ጸሐፊው ለሰንደቁ ያላቸው ፍቅር ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ይታያል፤ በዚያ ጠብ የለንም። ጠባችን ከዝርዝሩ ጋር ነው። ይህን ጽሑፍ ይዞ የሚዘጋጅ ትምህርት ቤት ቀኑን ይስታል፣ ለልጆች የተዛባ ታሪክ ይነግራል፣ በዕለቱም ሰንደቁ ምሰሶው አጋማሽ ላይ ተይዞ ይቀርበታል። ስለዚህ የጸሐፊውን ቃል እየጠቀስን፣ የምናውቀውን በየተራ እንመልሳለን።

«ባንዲራ በጣልያንኛ ቡትቶ ጨርቅ ማለት ነው፤ ጠላት ሊያዋርደን የሰጠን ቃል ስለሆነ ከአፋችሁ ይውጣ።»

ይህ አባባል ብዙ ዓመት የተደጋገመ ነው፤ መደጋገሙ ግን እውነት አላደረገውም። የጣልያን ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት 12ኛ አንቀጽ ስለ ጣልያን የገዛ ሰንደቅ ሲደነግግ የሚጠቀምበት ቃል ይኸው «ባንዲዬራ» ነው። የትኛውም አገር የራሱን ሰንደቅ በራሱ ሕገ መንግሥት ላይ ቡትቶ ብሎ አይጽፍም። ፖርቱጋሎች «ባንዴይራ»፣ ስፔናውያን «ባንዴራ» ይላሉ፤ ሁሉም ሰንደቅ ማለታቸው ነው። ጸሐፊውን ያሳሳታቸው «ባንዳ» የሚለው ቃል ሳይሆን አይቀርም። ጣልያኖች ከአገሬው መልምለው ያሰለፏቸውን ጭፍሮች «ባንዳ» ይሏቸው ነበር፤ ቃሉም በእኛ ዘንድ ለጠላት ያደረ ሰው መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ሁለቱ ቃላት በድምፅ ስለተቀራረቡ የአንዱ ነውር ወደ ሌላው ተሻገረ።

«ሰንደቅ ዓላማ» የሚለው ስም ውብ ነው፤ በሕግም የተያዘው እሱ ነው። ሰንደቅ ዘንጉ ነው፣ ዓላማ በዘንጉ ላይ የሚታየው ምልክት ነው። በመድረክና በደብዳቤ ላይ ይህንኑ መጠቀም ተገቢ ነው። ነገር ግን «ባንዲራዬ» ብላ ዕንባ ያቀረረችን አያት፣ ወይም ሰልፍ ላይ «ባንዲራው ወጣ!» ያለን የአንደኛ ክፍል ልጅ አገሩን እንደሰደበ አድርጎ መገሠጽ ግፍ ነው። መምህራን ይህን አንቀጽ ለተማሪ ከማንበብ እንዲታቀቡ እንለምናለን።

«የሰንደቅ ዓላማ ቀን በየዓመቱ ጥቅምት 3 ይውላል፤ ዕለቱም ሥራና ትምህርት የሚዘጋበት በዓል ነው።»

ሁለቱም ስሕተት ነው። ቀኑ በቁጥር አልታሰረም፤ የታሰረው በሰኞ ነው። ጥቅምት በገባ በመጀመሪያው ሰኞ ይከበራል። በ2012 ዓ.ም. ሰኞ ጥቅምት 3 ዋለ፤ 18ኛው በዓል በተከበረበት በ2018 ዓ.ም.ም እንዲሁ ጥቅምት 3 ሆነ። ጸሐፊው እነዚህን ሁለት ዓመታት አይተው ደንብ ያወጡ ይመስላል። በመካከሉ ያለው 17ኛው በዓል ግን ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር። በ2019 ዓ.ም. ጥቅምት 1 እሑድ ስለሚሆን ሰኞው ጥቅምት 2 ላይ ይውላል። በጽሑፉ መሠረት ጥቅምት 3 ብሎ ጥሪ ያሳተመ ትምህርት ቤት በዓሉ ባለፈ ማግስት፣ ማክሰኞ ላይ ሊሰለፍ ነው ማለት ነው።

ሥራ መዝጋቱ ደግሞ የዕለቱን ዋና ነገር ያፈርሰዋል። ሰኞ ሁሉም በየሥራው የሚገኝበት ቀን ነው፤ ተማሪው በሰልፉ፣ ሠራተኛው በግቢው፣ ወታደሩ በሰፈሩ ሆኖ ሰንደቁን የሚሰቅለው ስላልተዘጋ ነው።

«የዛሬው ሰንደቅ፣ አረንጓዴው ከላይ ሆኖ፣ እንዳለ አድዋ ላይ ተውለብልቧል፤ ዓርማው ግን በ2001 ዓ.ም. አዋጅ የተጨመረ ነው።»

ቀለማቱ ጥንታዊ መሆናቸው እውነት ነው። በአድዋ ዘመን ግን በአመዛኙ የሚታዩት ለየብቻ የተሠሩ፣ ጫፋቸው የሾለ ሰንደቆች ሆነው፣ እየተደራረቡ ነበር። ሦስቱ ቀለማት በአንድ አራት ማዕዘን ጨርቅ ላይ የገቡት ከድሉ በኋላ፣ መስከረም 1890 ዓ.ም. እንደሆነ ነው በብዛት የሚጠቀሰው፤ ያን ጊዜም ቀዩ ከላይ ነበር፣ በቢጫው ላይ የዳግማዊ ምኒልክ ስም መነሻ «ም» ተጽፎበት። አረንጓዴው ወደ ላይ የወጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ይህን ማለት አድዋን አያሳንስም። ልጆች የቆየ ሥዕል ላይ ቀዩን ከላይ ሲያዩ «ተሳስተዋል» እንዳይሉ ይረዳቸዋል።

ስለ ዓርማው፣ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ እናርም። በመሐሉ ብሔራዊ ዓርማ እንደሚኖር የሚደነግገው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 3 ነው፤ የዓርማው ቅርጽ በሕግ የወጣው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ አዋጅ ቁጥር 654/2001 አሠራሩን፣ አሰቃቀሉንና ክልከላዎቹን በዝርዝር ደነገገ እንጂ ዓርማውን አላመጣውም። ከዚያ በፊትም ሰንደቁ ላይ ምልክት ኖሮ አያውቅም የሚለው ልክ አይደለም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ዘውድ የደፋው አንበሳ በመንግሥት ሰንደቅ ላይ ነበር፤ በደርግ ዘመን አንበሳው ዘውዱን አጣ፣ የያዘው ዘንግ ጫፍም ከመስቀል ወደ ጦር ተለወጠ፤ በኢሕዲሪ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ) ጊዜ ሌላ ዓርማ መጣ። ልሙጡም በዚያው ሁሉ ዘመን በሕዝብ እጅ ነበር። የትኛው ይሻላል የሚለው የሕዝብ ክርክር ነው፤ በአንድ የዝግጅት መመሪያ ላይ የሚፈታ አይደለም።

«ሰንደቃችን ከአምስት ዓመት በኋላ ዳግም የተሰቀለው አዲስ አበባ ላይ፣ ሚያዝያ 27 ቀን ነው፤ የእኛ አካባቢ በዚህ ታሪክ ድርሻ አልነበረውም።»

በጣም ያሳዘነን ይህ ነው፤ ሰፋ አድርገን እንመልሳለን። ጠላት አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ የተመለሱትም ልክ በአምስት ዓመቱ በዚያው ቀን ነው። ሰንደቁ ግን እስከዚያ ድረስ አልጠበቀም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ተነሥተው ኦሜድላ ላይ ድንበሩን ሲሻገሩ በኢትዮጵያ መሬት የሰቀሉት ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ከኦሜድላ እስከ አዲስ አበባ ያለው 105 ቀን ነው፤ የዚያ ጉዞ ትልቁ ክፍል የጎጃም መንገድ ነው። በበላያ ወጡ፣ ቡሬ ላይ ውጊያ ተደረገ፣ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። አምስቱን ዓመት ሙሉ ጠላትን በየምሽጉ አፍነው የያዙት የጎጃም አርበኞች ባይኖሩ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የገባው ትንሽ ጦር በዚያ መንገድ እንዲያ አያልፍም ነበር።

ከጣና ወዲያ ማዶ ደግሞ ነገሩ ገና አላበቃም። አዲስ አበባ ላይ ሰንደቁ ከተሰቀለ በኋላም ጎንደር በጣልያን ጦር እጅ ቆይታ ነፃ የወጣችው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በሐይቁ ዙሪያ ላሉ ልጆች «ሚያዝያ 27» ብቻውን አይበቃም፤ ጥር 12ንም ኅዳር 18ንም ይወቁ። ካርታ ዘርግቶ ኦሜድላን፣ ቡሬን፣ ደብረ ማርቆስን፣ ጎንደርን በጣት ማሳየት ለበዓሉ ከሚዘጋጅ ግጥም የበለጠ ይይዛቸዋል። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. የተቋቋመው ከጣልያን በተከፈለ የጦር ካሳ መሆኑንም ይጨመርላቸው፤ ብዙ ቤተሰብ ያሳደገ ፋብሪካ የዚያ ታሪክ ቁራጭ ነውና።

«ሰንደቅ ሰንደቅ ነው፤ ከሱቅ የተገኘው መጠን ይበቃል።»

አይበቃም። ወርዱ የርዝመቱ ግማሽ መሆን አለበት፤ አንድ ለሁለት። ገበያ ላይ ተሰፍቶ የሚመጣው በብዛት 90 በ150 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ይህ ለሌላ አገር ልክ የተቆረጠ ነው። ለ90 ወርድ 180 ርዝመት ያስፈልጋል። መጠኑ ከምሰሶውም ጋር ይስማማ፤ የሰንደቁ ርዝመት የምሰሶውን ቁመት ሩብ ያህል ሲሆን ያምራል። ለ6 ሜትር ምሰሶ 75 በ150፣ ለ8 ሜትር 90 በ180፣ ለ12 ሜትር 150 በ300። ከዚያ ከበለጠ ጨርቁ ምሰሶው ላይ ይጠመጠማል፣ ሥር ያለ አጥርም ይነካል።

በአካባቢ ልብስ ሰፊ ማሰፋት የሚሻል ከሆነ፣ ለ90 በ180 ስሌቱ ይህ ነው። እያንዳንዱ ቀለም ተሰፍቶ ሲያልቅ 30 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ አረንጓዴውና ቀዩ በ33.5 ይቆረጡ (1.5 ለመጋጠሚያው፣ 2 ለውጭ ጠርዙ)፤ ቢጫው በሁለቱም በኩል ስለሚጋጠም በ33። ርዝመቱ 190 ይሁን፤ 5 ለገመዱ ኪስ፣ 5 ለነፋስ ጫፉ እጥፋት። ወርዱ 150 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ጣቃ ከየቀለሙ 1.90 ሜትር የገዛ ሰው ከዚያው አራት ሰንደቅ ያወጣል፤ አራት ትምህርት ቤቶች ተጋርተው ቢገዙ የሚቀረው ቁራጭ ጥቂት ነው። መጋጠሚያው የአንዱ ጠርዝ በሌላው ላይ ታጥፎ በሁለት መስመር ይሰፋ። በነፋስ የሚመታው ጫፍ ሦስት ጊዜ ታጥፎ ቢያንስ አራት መስመር ስፌት ይፈልጋል፤ ሰንደቅ መተርተር የሚጀምረው ሁልጊዜ ከዚያ ነው፣ በተለይ ከታችኛው ማዕዘን።

ዓርማው መሐል ለመሐል ይቀመጥ፤ ሰማያዊው ክብ ከቢጫው አልፎ አረንጓዴውንና ቀዩን ይነካል። የኮከቡ አንድ ጫፍ ቀጥ ብሎ ወደ አረንጓዴው ያመለክታል። በሁለቱም ገጽ መኖር አለበት። ኮከቡ በቀኝም በግራም እኩል ስለሆነ ከጀርባ ሲታይ አይዛባም። ያልታሰበ ችግር የሚመጣው በጥገና ጊዜ ነው፦ ጫፉ ሲተረተር 10 ሳንቲ ሜትር ቆርጦ እንደገና የጠረዘ ሰው ዓርማውን ከመሐል በ5 ሳንቲ ሜትር አስወጥቶታል፣ የአንድ ለሁለቱም ልክ ጠፍቷል። ከ2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር በላይ የሚያስቆርጥ ጉዳት ከደረሰ አዲስ ይሰፋ።

ጸሐፊው አንድ ነገር በትክክል ታዝበዋል፤ በሐይቁ ዳር ያሉ ሰንደቆች ቶሎ ይደበዝዛሉ። ምክንያቱን ግን «ጥራት የሌለው ቀለም» ብለው አልፈውታል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ክረምቱ ሲወጣ ፀሐይዋ ያለ ደመና ታርፋለች፣ ቀዩን ወደ ሮዝ የምትለውጠው እሷ ናት። ጥጥ ደግሞ ዝናብ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ነፋሱም ያን ክብደት እያናጋ ስፌቱን ይበጥሰዋል፤ ቀዩም ወደ ቢጫው ይለቃል። ለዘወትር በካሬ ሜትር 110 ግራም ገደማ የሚመዝን ፖሊስተር ይሻላል። ጥጡን ለአዳራሽ ያቆዩት። ለጀልባ የሚሰፋ ከሆነ የነፋስ ጫፉን ስፌት ወደ ስድስት መስመር ማድረስ አይጎዳም፤ ጀልባው ራሱ ሲሄድ ነፋስ ይፈጥራልና።

«ገመዱን መሳብ ማንም የሚችለው ነገር ነው፤ ልምምድ አያስፈልገውም።»

በዓሉ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያ ገመዱ የምሰሶው እጥፍና ከዚያ 2 ሜትር ትርፍ ይሁን፤ ለ8 ሜትር ምሰሶ 18 ሜትር። ውፍረቱ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር። የቃጫ ገመድ ክረምቱን ውጭ ከከረመ አብጦ ከላይ ባለችው መዘውር ውስጥ አይዞርም፤ ርካሹ የፕላስቲክ ገመድ ፀሐይ ላይ ይሰባበራል። ቀጭን ከሆነ ደግሞ ከመዘውሯ ቦይ ወጥቶ በጎኗ ይሰነቀራል፤ ያን ጊዜ መሰላል ካልመጣ ሰንደቁ አይወጣም፣ አይወርድም።

ተገልብጦ መሰቀልን የሚከላከል ቀላል ዘዴ አለ። ሰንደቁ በምሰሶው በኩል ጠባብ ኪስ ይኑረው፤ በኪሱ ውስጥ አጭር ገመድ ገብቶ በክር ይያዝ። በአረንጓዴው በኩል የዚህ ገመድ ጫፍ ቀለበት ይሁን፣ በቀዩ በኩል ደግሞ አንድ ክንድ የሚያህል ጭራ ሆኖ ይንጠልጠል። የላዩና የታቹ አሠራር ከተለያየ እጅ በጭንቅ ጊዜም አይሳሳትም። ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ቀለበት ሲሆን ግን ግማሽ ዕድል ለስሕተት ተሰጥቷል፤ ቀዩ ከላይ የሆነ አግድም ሰንደቅ ደግሞ የቦሊቪያ ነው።

ሁለት ልጆች ይሠሩ፤ አንዱ ይስባል፣ ሁለተኛው ጨርቁን በክንዱ ታቅፎ መሬት ሳያስነካ ይለቃል። አንድ ስቦሽ ግማሽ ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ 8 ሜትር ምሰሶ 16 ስቦሽ ይፈጃል። መዝሙሩን እየዘመሩ 16ቱን በእኩል እርምጃ ማዳረስ ይለማመዱ፤ ሰንደቁ ጫፍ የሚደርሰው መዝሙሩ ሲያልቅ ነው። በጥድፊያ ስቦ ጫፍ አድርሶ የቀረውን መዝሙር ባዶ እጅ መቆም ወይም መዝሙሩ አልቆ በዝምታ መሳብ ሁለቱም ከልምምድ ጉድለት ነው።

ስለ ሰዓቱም ጸሐፊው «ፀሐይ ስትወጣ ይሰቀል» ብለዋል። የዘወትሩ ሰዓት ጠዋት 12 መሰቀያው፣ ምሽት 12 ማውረጃው ነው። በባሕር ዳር በጥቅምት መጀመሪያ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ፀሐይ ገና አልወጣችም፤ ወደ 20 ደቂቃ ይቀራታል። በጥር ደግሞ ጨለማ ነው፤ ጥበቃው የእጅ ባትሪ ይያዝ። በበዓሉ ዕለት የሚደረገው ሥነ ሥርዓት በረፋድ በተነገረው ሰዓት ይካሄዳል። ፎቶ አንሺዎች ሰንደቁ ተዘርግቶ እንዲታይ ከፈለጉ ይህን ይወቁ፦ ማለዳ ከየብስ ወደ ሐይቁ የሚነፍሰው ለስለስ ያለ ነው፤ የሐይቁ ነፋስ የሚበረታው ከቀትር በኋላ ነው፣ ያን ጊዜም ሰንደቁ ወደ ደቡብ ይዘረጋል።

የቀሩትን ባጭሩ። «መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሲሞትበት ሰንደቁን ዝቅ ያድርግ» የሚለው ትክክል አይደለም፤ ብሔራዊ የሐዘን ቀን የሚታወጀው በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለጎፋው የመሬት መንሸራተት ሦስት ቀን እንደታወጀው። ዝቅ ሲደረግም መጀመሪያ እስከ ጫፍ ይወጣል፣ ከዚያ ወደ አጋማሽ ይወርዳል፤ ማታም ሲወርድ ዳግም ጫፍ ነክቶ ነው። «መሬት የነካ ሰንደቅ ይቃጠላል፣ ሲታጠፍም በሦስት ማዕዘን ነው» የሚለው ከአሜሪካ ፊልም የመጣ ነው። መሬት ማስነካት ነውር ነው፤ ከነካ ግን በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ ጥላ ውስጥ ይደርቃል። ሲታጠፍ በርዝመቱ ሁለት ጊዜ አጥፎ አረንጓዴውን ወደ ውጭ አድርጎ መደራረብ ይበቃል። እርጥቡን አጥፎ ሣጥን ውስጥ መክተት ብቻ አይሁን፤ ይሻግታል፣ ቀለሙም አንዱ ላንዱ ይለቃል።

የክልሉ ሰንደቅ አብሮ የሚሰቀልበት ግቢ ሁለቱን በአንድ ገመድ ላይ አያድርግ። ሁለት ምሰሶ ያስፈልጋል፤ የአገሪቱ ሰንደቅ በክብሩ ቦታ፣ በቀኝ። ቀኝ ማለት የሕንፃው ቀኝ ነው፤ ፊት ለፊት ቆሞ ለሚያይ ሰው በግራው በኩል ይሆንበታል። ብዙ ግቢ ውስጥ የሚገለበጠው ይህ ስለሆነ ምሰሶው ሥር በጠመኔ ምልክት ማድረግ ይረዳል።

ሰኞ ጠዋት ላይ ችግር እንዳይገጥም ዓርብ ከሰዓት ምሰሶው ይፈተሽ። ባዶውን ገመድ ሁለት ጊዜ ዙሪያውን አዙሩት፤ መዘውሯ የምትጮህ ከሆነ ዝጋለች፣ መሰላል አስመጥታችሁ ዘይት አድርጉላት። ሰንደቁን አስራችሁ እስከ ጫፍ አውጡትና ከምሰሶው ራቅ ብላችሁ እዩት፤ የላይኛው ጠርዝ ከመዘውሯ ሥር አንድ ስንዝር እንኳ ዝቅ ካለ ቋጠሮው ላልቷል ማለት ነው። አውርዳችሁ እንደገና ቋጥሩት።